ሱሪዬን ያላነጣው በረኪና

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ከምሳ በፊት አራት ሰው። ሁለት ጥርስ መሙላት፣ አንድ መንቀል። አራተኛው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌሩ ዋሲል። ኤፕሪል ላይ ነርቩን አውጥቼ፣ ሥሩን ተሕዋስ እንዲገድል በበረኪና አጥቤ የደፈንኩት መንጋጋ መግል ቋጥሮ መጣ።

«ዶክተር፣ ተከራይ አስገብተው ነው እንዴ የዘጉት?» አለኝ ጉንጩን ይዞ።

ሳቅኩ፤ ግን አላሳቀኝም። ራጁን ሦስት ጊዜ አየሁት። እስከ ሥሩ ጫፍ ተደፍኗል። ታዲያ ተሕዋሱ በምን ተረፈ? ዘንድሮ ሲመለስብኝ ይሄ አምስተኛው ነው። ድሮ በዓመት አንድ ቢሆን ነው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ስድስተኛ። እጄ ይሆን? ዓይኔ? ስልሳ ሦስት ዓመት...

ሎርና «ደክሞዎታል፣ ዛሬ በጊዜ ይግቡ» አለችኝ። አሥራ ሰባት ዓመት አብራኝ የሠራች ረዳቴ ናት። እሷም ታዝባኛለች ማለት ነው። ለገና ክሊኒኩን ልዝጋው? ከዚህ ሌላ የጥርስ ሐኪም ያለው ዊኒፔግ ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ። ግን ሰው እያሳመሙ መቀመጥስ?

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ኢንጋ ልብስ እያጠፈች «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ዘንድሮ አንድ ሱሪ አላበላሸህም» አለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ተጋብተን ስንኖር በረኪና በነጠበበት ሱሪ ያልተጨቃጨቅንበት ዓመት የለም።

«ተጠንቅቄ ነዋ» አልኳት። የት ተጠነቀቅኩ? ባለፈው ሳምንት እንኳ ጉልበቴ ላይ ፈሶብኛል። ተነስቼ ያንን ሱሪ ፈለግኩት። ጥቁር እንደሆነ ነው። ምንም አልገባኝም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ጠዋት ሎርና ስልክ ስታነሳ፣ እሷ በረኪና ከሞላችው ስሪንጅ ጥቁር ካልሲ ላይ ጨመቅኩ። ሌላኛው ላይ ከጠርሙሱ በቀጥታ አፈሰስኩ። ምሳ ሰዓት ላይ የጠርሙሱ ነጥቷል። የስሪንጁ... ምንም።

ሌላ ሰው ቢሆን በጠረኑ ያውቀው ነበር። እኔ ኮቪድ ከያዘኝ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ልጠይቃት? ምን ብዬ?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ጠየቅኳት። አልካደችም።

«ውሃ እጨምርበታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማርግሬት ወዲህ።»

ማርግሬት... አምና ጥርሷን ሳጥብ በረኪናው ከሥሩ ጫፍ አልፎ ወጥቶ ፊቷ ያበጠባት። ዳነች፤ እኔ ግን ድንጋጤው በቀላሉ አልወጣልኝም።

«ያን ቀን መኪናዎ ውስጥ ሲያለቅሱ አየሁዎት» አለች። «ደግሞ እንዲያ እንዳይሆኑ ብዬ ነው። ቢቀጥንም ተሕዋሱን የሚገድል መስሎኝ።»

«ምን ያህል ነው የምትጨምሪው?»

«ብዙ።»

ጮህኩባት። ከዚያ አሳዘነችኝ። ከዚያ እንደገና ተናደድኩ። ለእኔ ብላ ስንት ሰው አሳመመች! ላባርራት? ላመስግናት? እኔስ አንድ ቀን እንኳ ስሪንጁን ራሴ ብሞላ ምን ነበረበት? ለካ እጄ ደህና ነው... ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ደግሞ አሳፈረኝ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

በቀጠነው በረኪና ያከምኳቸው ሠላሳ ስምንት ሰው ናቸው። ስማቸውን ሎርና ጻፈች፣ የደወልኩት እኔ። እውነቱን ነገርኳቸው። ሁለቱ ስልኩን ዘጉብኝ። የቀሩት ቀጠሮ ያዙ።

የመጨረሻው በሽተኛ ሲወጣ ሎርና ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች።

«ያልጻፍኩት ሰው አለ» አለች።

እንዴት ረሳሁት? ፌብሩዋሪ ላይ የእሷንም ጥርስ አክሜ ነበር። ስሪንጁን የሞላችው ራሷ ናት። ያንኑ ውሃ።

«ያምሻል?»

«ከሜይ ጀምሮ።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም?»

«ብናገር ምክንያቱን ይጠይቁኛላ።»

በረኪናውን ራሴ ቀዳሁት፣ ሳልበርዘው። እጄ ተንቀጠቀጠ። የማርግሬት ፊት መጣብኝ። ሎርና የእጄን አንጓ ያዘችና እስኪረጋ ድረስ አልለቀቀችውም። ከዚያ አፏን ከፈተች።

ይቅር ብያት እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ጥርሷን ግን እስከ ጫፉ አጠብኩት።