ካቴድራሉን የገነቡት የኦቦ ነገሳ ዋቆ የሕይወት ታሪክ

ኦቦ ነገሳ ዋቆ ከአባታቸው ከኦቦ ዋቆ ደገፋና ከእናታቸው ከአዴ ወርቅቱ ቶላ በ1946 ዓ.ም. መናገሻ አቅራቢያ ተወለዱ። በሰበታ ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ድንጋይ መጥረብ ለመዱ።

በ1964 ዓ.ም. የሰበታ ቅድስት አና ቤተ ክርስቲያን መሠረት ሲቆፈር ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ወሩ የካቲት ነበር። በበጋ የአካባቢው ጥቁር አፈር እንደ አለት ይጠነክራል፤ ዶማው እየነጠረ ሲመለስባቸው አለት ላይ የደረሱ መሰላቸውና ግንቡን እዚያው ላይ ጀመሩ።

ግድግዳው ከመስኮት ሳያልፍ አብዮቱ መጥቶ ሥራው ቆመ። ኦቦ ነገሳ በቡራዩና በሱሉልታ የሰው ቤት ሲገነቡ ቆዩ። በ1971 ዓ.ም. ወይዘሮ ሶያማ ዓባይነህን አግብተው ደራርቱንና ዘርሁንን ወለዱ። ሥራው በ1985 ዓ.ም. ሲቀጥል የግንበኞቹ አለቃ ሆኑ። ቤተ ክርስቲያኑ ተመርቆ ካቴድራል በተባለበት ዕለት ሲያለቅሱ ያያቸው ሁሉ ልጅ የዳሩ መስሎት ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የሰሜኑ ግድግዳ ተሰነጠቀ። አንዳንዱ በአዲሱ መንገድ ጎርፍ፣ አንዳንዱ በከባድ መኪና አመካኘ። ኦቦ ነገሳ ግን በሰበካው ስብሰባ ተነሥተው፣ «ማንንም አትክሰሱ፤ በበጋ የቆፈርነው እኛ ነን» አሉ። ከዚያም በውጭ በኩል ስንጥቁ ላይ ቀጭን መስታወት በጂፕሰም ለጠፉ። መስታወቱ ከተሰበረ ግድግዳው እየሄደ ነው ማለት ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያዩታል፤ አፈሩ በክረምት ሲያብጥ፣ በበጋም ሲኮማተር ይሰበራል፤ ሌላ ይለጥፋሉ። በ2012 ዓ.ም. ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ምኞታቸው አንድ ብቻ ሆነ፤ ፍትሐታቸው በዚያ ግድግዳ ውስጥ እንዲደረግ። በ2016 ዓ.ም. ግን ሕንፃው ይናዳል ተብሎ ተዘጋ።

ካለፈው ኅዳር ጀምሮ የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ሲጥላቸው፣ እሑድ በመጣ ቁጥር፣ «ደራርቱ፣ መስታወቱስ?» ይሉ ነበር።

«እንዳለ ነው አባዬ።»

«እንግዲያው የሌላ ሰው ግድግዳ አይተሽ ነው የመጣሽው» ብለው ይስቁና ፊታቸውን ያዞራሉ።

ኦቦ ነገሳ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ። ፍትሐታቸው ዛሬ የሚደረገው በካቴድራሉ ግቢ፣ በእድሩ ድንኳን ውስጥ ነው። ካቴድራሉም ከፋሲካ በኋላ እንዲፈርስ ተወስኗል።

ኦቦ ነገሳ የሁለት ልጆች አባትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ግድግዳው በማይሰነጠቅ ቤት ይቀበልልን፤ ለልጆቻቸውም መጽናናትን ይስጥ።