የንግሥና ዓመት የሌለው ንጉሥ

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

«ንጉሡ የነገሠበት ዓመት ስላልተገለጸ ጽሑፍዎ በገና እትም አይወጣም።» በስደት የምንኖርባት የካሮልተን ከተማ ማኅበራችን መጽሔት አዘጋጅ ስንታየሁ የላከልኝ ይኸው ነው። ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ ማለቴ፣ ገምተው አንድ ዓመት ቢሰጡኝም ኦኬ ነው» አለኝ።

የጻፍኩበት ንጉሥ እኮ የተረት ነው። የጥንት የፋርስ ባለቅኔዎች ዓለምን ሁሉ የሚያሳይ ጽዋ ነበረው ይላሉ። ሲያሻቸው ያንኑ ጽዋ የሰው ልብ ምሳሌ ያደርጉታል። ያልኖረ ሰው ዕቃ ለስንት ዘመን ባለቅኔዎች እንዴት በቃ? ከንዴቴ ይልቅ ዛሬ ሥራ ያስፈታኝ ይህ ጥያቄ ነው። የእኛን የነገሥታት ዝርዝር የለመደ ሰው ግን ከስሙ ቀጥሎ ዓመት ይፈልጋል። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያው ነበርኩ።

ዓመት አልፈጥርም። እንዲህ ብዬ ላክሁለት፦ «ንጉሡ የተረት ስለሆነ ዓመት የለውም። ጽሑፌ እንዳለ ይወጣ እንደሆነ ወይም አይወጣ እንደሆነ፣ ከነምክንያቱ እስከ ኅዳር 10 በጽሑፍ ይገለጽልኝ።»