ከመሠዊያው ያልወረደው መነጽር

ልጄ ሱደና፣ በሄድክበት ሁሉ የአያቶቻችን መንፈስ ቀድሞ መንገዱን ያቅናልህ፤ ከኦሳካው ፋብሪካ እሳትም ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ገብቷል፤ ገበሬው ገጀራ ስለሚፈልግ ገበያው ሳይሞቅ ሸጬ እጨርሳለሁ። አልጋህን ማንም አይተኛበትም፤ አንሶላውን ግን በየሳምንቱ አጥባለሁ።

የላክኸው የዓይን መከላከያ መነጽር ደርሶናል። ለብረት ሁሉ አበባ በምናቀርብበት በቱምፔክ ላንደፕ ዕለት፣ አባትህ ከመዶሻውና ከጉጠቱ ጋር መሠዊያው ላይ አስቀምጦ አበባና ሩዝ አቀረበለት። ከዚያ ወዲህ አላወረደውም።

«አንተ ሰውዬ፣ መነጽር እኮ የሚደረገው ዓይን ላይ ነው!» አልኩት።

«የልጄን ዕቃ ፍንጣሪ ይጫረው? አንቺ ገጀራሽን ሽጪ!»

ትናንት ገጀራ ሲሞርድ የብረት ፍንጣሪ ቅንድቡን ሰነጠቀው። ደሙን እየጠረግሁለት ይስቃል።

«ቅንድብ እንደሆነ ተመልሶ ይበቅላል።»

«ዓይንስ?» ስለው ሞረዱን መልሶ አነሣ። ዛሬም ያለ መነጽር ሲሞርድ ዋለ።

ስለዚህ አዲስ አትላክ፤ ይሳሳለታል። አንተ ስትሠራበት የቆየኸውን፣ የተጫጫረውን ላክለት። ያንን ያደርገዋል፤ ባሌን አውቀዋለሁ።

እጅህ ይባረክ፣ ዓይንህ ይጠበቅልኝ። ከቻልክ ግን መነጽሩን በፖስታ አትላከው፤ አድርገኸው ና።

እናትህ