የተርባይኑ ደብዳቤና የአባትሽ አውራ ጣት

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን

የዓይኔ ብርሃን ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ደብዳቤውን ማን ጻፈልህ እንዳትይኝ፤ እኔው ራሴ ነኝ! ስምንት ወር የማታ ትምህርት ተምሬ ከሃያ ስምንት ሰው አንደኛ ወጣሁ። አስተማሪዋ «አባባ፣ ቀደም ብለው ቢጀምሩ ኖሮ ሚኒስትር ይሆኑ ነበር» አለችኝ። «ቀደም ብዬ ብጀምርማ አንቺን የማስተምርሽ እኔ ነበርኩ» አልኳት።

ትምህርቱን ያስጀመሩልን አዲሱ ዋና ሥራ አስኪያጃችን ናቸው። ታውቂያቸዋለሽ፤ ምክር ቤት ውስጥ «ይህ የኃይል ማመንጫ ድርጅት የሕዝብ እንጂ የሹማምንት ጓዳ አይደለም! ለውጥ!» እያሉ ሲጮሁ በሬዲዮ አብረን የሰማናቸው ሰውዬ። ጩኸቱ የበዛባቸው ሹማምንት «እስቲ እርስዎ ይሞክሩት» ብለው ወንበሩ ላይ አስቀመጧቸው። አሁን በር የሚከፍትላቸው ሞልቷል፤ የሚያስወጣቸው ግን ጠፋ። ሁለቴ መልቀቂያ ጻፉ። ሁለቴም ይዤላቸው ሄድኩ፣ ሁለቴም «አልተቀበልነውም» የሚል ይዤ ተመለስኩ።

ምስጢር ያለበት ወረቀት ሁሉ ለእኔ የሚሰጠው አላነብም ተብሎ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት በተላላኪነት ስሠራ ፖስታውን እንኳ አሽገውት አያውቁም። ምክትል ሥራ አስኪያጁ «ሽማግሌው ትምህርት ቤት የሚሄደው ለሻዩ ነው» ይላሉ አሉ።

ከሁለት ወር በፊት ዋናው «ሦስተኛው ተርባይን አደገኛ ነው፤ ዛሬውኑ ይቁም» ብለው ለምክትሉ ጻፉ። ደረጃው ላይ ቆሜ፣ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ አነበብኩት። በዕድሜዬ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው፤ ኩራቴን ብታዪው! ምክትሉ ተቀብለውኝ መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። በሳምንቱ ተርባይኑ ፈነዳ። ሁለት ቴክኒሻኖች ሞቱ።

ትናንት ምክትሉ ጠሩኝ። «አባባ፣ እዚህች ላይ ጣትዎን ያሳርፉ። የጡረታዎ ነገር ናት» ብለው የማኅተሙን ቀለም ከፈቱልኝ። መነጽሬን የማስተካክል መስዬ አነበብኩት። «ተርባይኑ ይቁም የሚል ደብዳቤ ከዋና ሥራ አስኪያጁ ለማንም አላደረስኩም» ይላል። ዋናው ከእኔ ሌላ ምስክር የላቸውም። በዚያች ወረቀት ይታሰራሉ።

«ምነው ቆዩ፣ ማንበብ ጀመሩ እንዴ?» ብለው ምክትሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በሳቅ ማን ይችለኛል!

ጡረታዬ አራት ወር ቀርቶታል። ቤቱ የድርጅቱ ነው፤ እናትሽ ኩላሊቷን የምትታጠበውም በድርጅቱ ክሊኒክ ነው። ይህን የምነግርሽ እንዲሁ ለወሬ ያህል ነው።

ዛሬ ጠዋት ኮሪደር ላይ ዋናው አገኙኝና «አንደኛ ወጡ አሉ! አኮሩኝ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። እጄን ከኪሴ አላወጣሁም። ጎንበስ ብዬ አለፍኩ።

በዚህ ደብዳቤ ጥግ ላይ ላለው ሰማያዊ እድፍ ይቅር በይኝ። ከትናንት ጀምሮ በሳሙና ባሸው፣ በአመድ ባሸው፣ ከአውራ ጣቴ አልለቅ ብሏል።

ይህን ደብዳቤ አትቅደጂው። መሳቢያ ውስጥም አትክተቺው። ጠያቂ ከመጣ፣ የአባቴ እጅ ጽሑፍ ነው በይ።

እናትሽ ጉንጭሽን ስማለች። የገባሽበት ሁሉ መውጫ ይኑረው፣ ልጄ።

አባትሽ
(ይህችን በጣቴ ሳይሆን በእስክሪብቶ ነው የፈረምኳት።)