በሲሚንቶው መጋዘን ስለተቆለፈብን የገብስ ዘር

ለተከበሩ ጓድ የአዲሱ የዘር መጋዘን ግንባታ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ሰቆጣ

ሰኔ 1973 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነትን፣ ደረቅ መኝታንና የማያፈስ ጣሪያን ከልብ እመኛለሁ። እኛ የጋዝጊብላ ገበሬዎች ዝናቡ በጊዜው ስለገባልን ማሳችንን ደግመን ሠልሰን አርሰን፣ በሬዎቻችንን ጠምደን፣ የሚዘራ ነገር ብቻ አጥተን ቆመናል። ይህን ደብዳቤ በገበያው ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ድፍረት አይሁንብኝ፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለምባል፣ ገበያተኛው ካነበበው ሄዶ የሚነግርዎ አይጠፋም ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሲሚንቶው እናመሰግናለን። ብሎኬትና ቆርቆሮ እያለ እንደ አባቶቻችን ድንጋይ በጭቃ መካብ ኋላ ቀርነት መሆኑን አስረድተውናል። የመጣው መሐንዲስ ግድግዳው እስኪጠና ድረስ ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ ብሎ ስለነበር፣ ባለቤቴ ጸሐይነሽና ጎረቤቶቿ እንስራ አዝለው ከወንዝ ዳገቱን ሲወጡ ሰነበቱ። እርስዎ ግን ለሠራተኞች ቀን መፈክር የሚጻፍበት ግድግዳ ርጥብ ከሆነ ቀለም አይዝም ብለው ውሃውን አስቆሙ። ቀለሙስ በእርግጥ ይዟል፤ የረገፈው ግድግዳው ነው።

ሁለተኛ፣ ጎታ ነቀዝ ያረባል በማለት የየቤታችንን ዘር ሰብስበው፣ አዲሱ መጋዘን ውስጥ አስገብተው ስለቆለፉልን እናመሰግናለን። ጸሐይነሽ ዛላውን አንድ በአንድ መርጣ፣ በአመድ ለውሳ፣ ልጆቻችን በራባቸው ቀን እንኳ ያልነካችውን ገብስ ነው በጀርባዋ ተሸክማ ያስረከበችዎ።

ሦስተኛው ግን፣ ጓድ፣ አንጀቴን ያቃጠለው እርሱ ነው። ዝናቡ በተሰነጠቀው ግድግዳ ገብቶ ጆንያው ራሰ፤ የሻገተው እህል ሽታ መንገድ ላይ ይቀበለናል። ቁልፉን ብንለምንዎ፣ መጋዘኑ በመስከረም በእንግዶች ፊት እስኪመረቅ ድረስ እንደማይከፈት አስታወቁን። ኧረ ለመሆኑ ገብስ በመስከረም ይዘራል? ዘንድሮ ያልዘራ ከርሞ ለልጆቹ ምን ያበላል? እባክዎን በሩን ይክፈቱልንና ያልበሰበሰ ከተገኘ ለቅመን እንዝራ፤ እርስዎም ባዶውን ቤት በሰላም ይመርቁ፤ እኛም ሥራ ፈትተን መጥተን እናጨበጭባለን።

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስቆጠሩኝን ፊደል ለዚህ ዓይነቱ ነገር በማዋሌ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ለስብሰባም ለጭብጨባም ከማይቀረው ታዛዥዎ፣

ወልደ ሐዋርያት ምንዋጋው
ባለ ማሳ፣ ባለ በሬ፣ ባለ ዘር የነበርኩ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው ጸሐይነሽ ከመጋዘኑ ደጅ እያለቀሰች ተመለሰች። ገብሱ በጆንያው ውስጥ በቅሎ በበሩ ሥር ብቅ ብሏል። እንግዲህ ስለ ቁልፉ አይጨነቁ። ለመስከረሙ ምርቃት ግን ከሪባን መቁረጫው ጋር ማጭድም ቢያስይዙ መልካም ነው፤ ዘንድሮ በእኛ አገር ሌላ የሚታጨድ ገብስ የለም።