ፊሽካው እስኪነፋ

ለወንድም ጋሼ፣ ከልብ ለምትናፈቀው፦

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆችህስ? እዚያ ሆሳዕና ከተማ ዝናቡ ዘንድሮ እንዴት ነው? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። የሜልበርን ብርድ አጥንት ይሰብራል እንጂ ሌላው ይቻላል። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ትቸኩልብኛለህ። እማዬን አገናኘኝ ስልህ አንዴ ተኝታለች፣ አንዴ ጸሎት ላይ ናት፣ ባለፈው ደግሞ ድምፅዋ ተዘግቷል አልከኝ። ሳታቋርጠኝ እንድትሰማኝ ጻፍኩት፤ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ።

ስለ ሲኞር ኦሬስቴ ነግሬህ አላውቅም። ሴንት አልባንስ፣ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት፣ ጠዋት ጠዋት የማለብሳቸው ጣሊያናዊ ሽማግሌ ናቸው። ዘጠና አልፏቸዋል፤ እግራቸው ግን ብርድ ልብስ ሥር አሁንም ኳስ ያቀብላል። በወጣትነታቸው የአንድ ትንሽ ከተማ ክለብ አማካይ ነበሩ። እሳቸው የኳስ ጨዋታን ካልቾ ይሉታል፤ እኛ አገር ካልቾ እርግጫ ነው ስላቸው በሳቅ ከአልጋ ሊወድቁ ነበር። አማካይ ማለት ጓደኞቹ ጎል ሲያገቡ የሚረሳ፣ ሲገባባቸው ግን ከፊትም ከኋላም የሚጮሁበት ሰው ነው አሉኝ። አንተ ትዝ አልከኝ። ከአባዬ ወዲህ የቤታችን አማካይ አንተ አይደለህ?

ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ ክለባቸው ወደ ትልቁ ዲቪዚዮን የሚያልፍበት ጨዋታ ደረሰ። ያን ዕለት ጠዋት አባታቸው ሞቱ። አጎታቸው ሊያረዷቸው ከመንደር በባቡር መጡ። አሠልጣኙ ግን ልጁ እንዳይሰበርብን፣ ፊሽካው እስኪነፋ ይታገሱ ብሎ ለመናቸው። አጎትየው ተመልካቹ መሃል ተቀመጡ። ሲኞር ኦሬስቴ አዩአቸውና ሊያዩኝ መጡ ብለው ደስ አላቸው፤ ለእሳቸው ብለው ተጫወቱ። እንደዚያ ተጫውተው አያውቁም። አጎታቸው እያለቀሱ አጨበጨቡላቸው። ክለቡ አለፈ፤ በትከሻ ተሸክመዋቸው ሜዳውን ዞሩ፤ መርዶውን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ሰሙ።

ከዚያ በትልቁ ዲቪዚዮን ጥቂት ዓመት ተጫወቱ፤ ሰው ባጨበጨበ ቁጥር ግን እግራቸው ይተሳሰር ነበር። መጨረሻ ላይ በመርከብ እዚህ መጥተው ዳንደኖንግ በሚባል ሰፈር ፋብሪካ ገቡ። እሑድ እሑድ ከአገራቸው ልጆች ጋር ሲጫወቱ ሚስታቸውን እንኳ እንዳታጨበጭብ ከልክለዋት ነበር።

ያኔውኑ ቢነግሩዎት ይሻል ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቢነግሩኝ አልጫወትም፣ ክለቡም አያልፍም ነበር፤ ልቅሶው ግን የእኔ ነበር አሉኝ።

ወንድም ጋሼ፣ የእኛም ሰው መርዶ በስልክ አይነግርም። ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ ነው። ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ብሎ ነውና ደግ ልማድ ነው። ባለፈው እሑድ ቸርች ውስጥ እትዬ ማንተግቦሽ የነርሲንግ ፈተናሽ መቼ ነው የሚያልቀው ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። በዓመት አንዴ እንኳ የማይጠይቁኝ ጋሽ ደመላሽ ከክሬጊበርን ድረስ ምግብ ይዘው መጡ፤ ዓይኔን ሳያዩ ተመለሱ። አብራኝ የምትኖረው ዶርቃ ደግሞ ቻርጅ ላድርግልሽ እያለች ስልኬን ትደብቅብኛለች። ሆዳቸው አላስችል ብሏቸው፣ አፋቸውን ግን ይዘዋል። እኔም ምንም እንዳልገባው ሰው አንገቴን ደፍቼ አጠናሁ።

ተቆጥቼብሃለሁ፣ አልዋሽህም። ግን ስልኬን ከማንሳትህ በፊት ጉሮሮህን ጠርገህ፣ ፊትህን አብሰህ እንደምትስቅልኝ ሳስብ ንዴቴ ይጠፋና እንባዬ ይቀድመኛል።

ፈተናውን ዛሬ ከሰዓት ጨረስኩ። የደከማችሁለትን ያህል ሠርቼዋለሁ። ዶርቃ ነገ ጠዋት ከቤት እንዳልወጣ አደራ ብላኛለች። ሰዎቹ ሲያንኳኩ ምንም እንደማላውቅ ሆኜ እከፍትላቸዋለሁ፤ ለእኔ ብለው ለፍተዋል። አንተ ግን ከእነሱ ቀድመህ ደውልልኝ። ዝም ብትለኝም ግድ የለም፣ ለእማዬ አብረን እናልቅስ። ፊሽካው ተነፍቷል።

ጌታ ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ቤትህን በሰላሙ ይሙላው። አንተንም ያጽናህ፣ ወንድም ጋሼ።

ታናሽ እህትህ