ዘይት የበዛበት ፊልትሮ

ልጄ፣ የወጣሽበት በር በሰላም ይመልስሽ፤ በሄድሽበት ደግ ሰው አይጥፋብሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

ሳትቆጪ ስሚኝ፤ መኪናሽን ነካክቻለሁ። ገጥመሽባት የሄድሽውን ዘይት የሚቀባ የአየር ፊልትሮ እንዳሳየሽኝ አጥቤ ጥላ ላይ አደረቅሁት። «ዘይቱን ስስ አድርጊው» ብለሽኝ ነበር፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። እንደ ልጅ ፀጉር እስኪንጠባጠብ ቀባሁት።

በማግስቱ ይዣት ስወጣ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። ጎረቤታችን መካኒኩ ከፍቶ አይቶ ሳቀብኝ። «እማማ፣ የሞተሩ ተርቦቻርጀር አየሩን በኃይል ይስባል፤ ትርፉ ዘይት አብሮ ሄዶ የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር ላይ ተለጥፏል። ፊልትሮ አቧራ ይያዝ እንጂ ትንፋሽ አይከልክል» አለኝ። ሴንሰሩን አጸዳልኝና አሁን ደህና ናት።

እኔ ግን አንቺ ከሄድሽ ወዲህ መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። ትናንት ስድስት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ በላሽ፣ ለበስሽ፣ በሩን ቆለፍሽ እያልኩ። በስድስተኛው በረጅሙ ስትተነፍሺ ሰማሁሽ።

ከእንግዲህ እሑድ እሑድ ብቻ እደውላለሁ። መንገድሽን ሜዳ ያድርግልሽ። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ ቆልፌበታለሁ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፤ ድንገት ከደወልሽ ትንሽ ታገሺኝ፣ ቶሎ አትዝጊው።

እናትሽ